የጉማራን ውኃ ለነጭ ዓሣ ሲባል መለካት፦ የት፣ መቼ፣ ምኑን?

ጥያቄ፦ «በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጉማራ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ የሚያሰግር የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ሰኔ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ የወንዙ አፍ ላይ ብዙ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አገኘን። ገሚሱ ሰው ማዳበሪያ ነው ይላል፣ ገሚሱ የሽንኩርት መድኃኒት ነው ይላል፣ ሌላው በእምቦጭ ያመካኛል። አባላቱ ገንዘብ አዋጥተን የውኃ ጥራት መለኪያ ልንገዛ አስበናል። የትኛውን እንግዛ? የትና መቼ እንለካ? ከለካን በኋላስ ዓሣውን ለማዳን ምን ማድረግ እንችላለን? በባሕር ዳር በኩል ከዓባይ መውጫ በታች የሚያሰግሩ ወዳጆቻችንም መልሱን ይጠብቃሉ።»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጸሐፊ፣ «የትኛውን እንግዛ» ከሚለው በፊት «የትና መቼ» የሚለውን ላስቀድም፤ ይህንንም የማደርገው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ በጉማራ የማደርገው ልኬት ሁሉ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ሰዓቱንም ቦታውንም የመረጠው መኪናው ነው። ዓመቱን ሙሉ መዝገቤ ላይ የሰፈረው «ደኅና ነው» የሚል ነበር፤ የወንዙ ዳር ሰዎች ግን ንጋት ላይ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ሲያለከልክ እንዳዩ ይነግሩኝ ነበር። መዝገቤን አምኜ እነሱን ተጠራጠርሁ። አንድ ቀን ከጎሕ መቅደድ በፊት ወርጄ በዚያው ቦታ ስለካ ነው ያገኘሁት ቁጥር ከቀትሩ እኩሌታ እንኳ እንደማይደርስ ያየሁት። የዓሣ ውኃ የሚመዘነው በአማካዩ ሳይሆን እጅግ በከፋው ሰዓት፣ እጅግ በከፋው ቦታ፣ ለመሞት ቅርብ በሆነው የዓሣው ዕድሜ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚሁ የሚወጣ ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፤ ውኃ ሊይዝ የሚችለው የኦክስጅን መጠን ደግሞ ሙቀት ሲጨምርና የቦታው ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዚያው ሙቀት ሊይዝ የሚችለው ከ7.3 ብዙም አይበልጥም፤ ውኃው 25 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ 6.7 ይወርዳል። ለአብዛኛው ዓሣ ከ5 ሚሊግራም በታች መውረድ የለበትም የሚለውን የተለመደ መለኪያ ብንወስድ፣ የእኛ ውኃ ገና ምንም ሳይበከል በእጁ ያለው ትርፍ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ይህችን 2 ሚሊግራም ሌሊቱ ይበላታል፤ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ሲያመርት የዋለው አልጌና የውኃ ሣር ሌሊት ራሱ ይተነፍሳል፣ በውኃው ውስጥ የሚበሰብሰው ፍግና ቅጠላ ቅጠልም ሌሊትም ቀንም ኦክስጅን መጠቀሙን አያቆምም። ስለዚህ የኦክስጅን ክፉ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያለው ነው። የሚገርመው የአሞኒያ ክፉ ሰዓት ተቃራኒው ነው። ከፍግ፣ ከሽንትና ከዩሪያ የሚመጣው አሞኒያ ዓሣን የሚመርዘው በአንዱ መልኩ ብቻ ሲሆን፣ የዚያ መርዛማ መልክ ድርሻ በ20 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ) 7 በሆነ ውኃ 0.5 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በ8 ወደ 4 በመቶ ይጠጋል፣ በ9 ግን ከሩብ በላይ ይሆናል። አልጌ የበዛበት የቆመ ውኃ ፒኤቹ የሚያሻቅበው ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ያሉትን ዘገምተኛ ውኃዎች ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወራጁን ወንዝ ደግሞ ንጋት ላይ መለካት ይኖርባችኋል።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ ለማን እንደምንለካ ካላወቅን ቦታውን መምረጥ አንችልም። በሐይቁ ከሚገኙት ዓሣዎች አምባዛ ከአየር ጭምር መተንፈስ ስለሚችል ብዙ ነገር ያልፋል፤ ቆሮሶም ኦክስጅን ያነሰውን ውኃ ለጊዜው ይችላል፤ ወንዝም ሳያስፈልገው በሐይቁ ዳርቻ ሣር መካከል ይራባል። «ዓሣ አለ» የሚለው ቃል ስለዚህ ስለ ወንዙ ጤና ብዙም አይነግረንም። ወንዙን የግድ የሚፈልገው ነጭ ዓሣ ነው። እኛ በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው በሳይንስ ቢያንስ 15 ዓይነት ሆኖ ተለይቷል፤ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ከተመናመነ ወዲህ፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይቶ የበዛ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ተርፎ የሚገኘው በጣና ነው። ከእነዚህ መካከል በርከት ያሉት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይገባሉ። መጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰባሰባሉ፤ ቀጥሎ ሽቅብ ተጉዘው፣ ውኃው ወደሚፈጥንባቸውና ኮረት ወዳላቸው ትናንሽ ገባሮች ይደርሳሉ፤ ዕንቁላላቸውንም በኮረቱ መካከል ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ትልቁ ዓሣ ውኃው ከከፋበት ዋኝቶ ማምለጥ ይችላል። ዕንቁላሉ ግን እስኪፈለፈል ድረስ በኮረቱ ስንጥቅ ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ የሚያድነውም የሚገድለውም በጠጠሮቹ መካከል ሾልኮ የሚያልፈው ውኃ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለጉማራ ነጭ ዓሣ የመጀመሪያው ጠላት ብዙ ጊዜ የማይጠረጠረው ደለል ነው ብዬ አምናለሁ። ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ የታረሰ ተዳፋት አቋርጦ ነው ፎገራ ሜዳ ላይ የሚደርሰው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ማሳው ታርሶ፣ ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን የሚጥለው ዝናብ የሚያወርደው አፈር ሲረጋ በኮረቱ መካከል ያለውን ቀዳዳ ይሞላዋል። ያን ጊዜ ከላይ የሚፈሰው ውኃ 7 ሚሊግራም ኦክስጅን ቢኖረው እንኳ ዕንቁላሉ ያለበት ቦታ 3 ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን ወንዙ መካከል ነክሮ ያነበበ ሰው ይህን በጭራሽ አያየውም። ማየት የሚቻለው ጫፉ የተደፈነና ታችኛው ክፍሉ በጥቃቅኑ የተበሳሳ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮረቱ ውስጥ ሰክቶ፣ ውኃውን በትልቅ ሲሪንጅ በዝግታ ስቦ በመለካት ነው። አየር ሳይቀላቀል መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህ ጥቂት ልምምድ ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። በላይኛው ውኃና በኮረቱ ውስጥ ባለው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ነው የእናንተ ዋና ቁጥር፤ በየዓመቱ በነሐሴና በመስከረም ይህን ልዩነት በአንድ ቦታ መዝግባችሁ ብታቆዩ፣ ከላይ የሚሠራው እርከን ለዓሣው እየጠቀመ መሆን አለመሆኑን ማንም ከእናንተ የተሻለ አይነግረውም። የተፋሰስ ሥራ የሚገመገመው ብዙውን ጊዜ በተሠራው እርከን ርዝመት ነው፤ በኮረቱ ንጽሕና ሲገመገም እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ሞተው ዓሣ። ከሩቅ ሆኜ ገዳዩን ልሰይም አልችልም፤ ነገር ግን የሞቱት ዓሣዎች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። ኦክስጅን ሲያጥር ቀድሞ የሚሞተው ትልልቁ ዓሣ ነው፤ አሟሟቱም ንጋት ላይ ይሆናል፣ አምባዛው ይተርፋል፣ የቀረው ወደ ላይ ወጥቶ ያለከልካል። መርዝ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ትናንሹ ይቀድማል፤ በማናቸውም ሰዓት ይሆናል፤ ዓሣው ከመሞቱ በፊት እንደ ሰከረ ይሽከረከራል ወይም በጎኑ ይዋኛል፤ በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ትላትልና ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። ድንጋይ ገልብጣችሁ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ከጠፋ ፀረ ተባይን ጠርጥሩ። ከጭንቅላቱ ጎን ያለው ስንጥቡ በጭቃ ተለውሶ ከተገኘ ደለሉ ራሱ አፍኖት ሊሆን ይችላል።

ከተጠቀሱት ሦስት ተጠርጣሪዎች ማዳበሪያውን በአንድ ሌሊት ግድያ አልከስሰውም። ማዳበሪያ የሚጎዳው በዝግታ ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ አልጌውንና እምቦጩን ይቀልባል። እምቦጭ በሐይቁ መኖሩ በይፋ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ እንዴት እንዳለበሰው እናንተው ታውቃላችሁ። ጥቅጥቅ ባለው ምንጣፍ ሥር ውኃው ከአየር ጋር ስለማይገናኝና ብርሃን ስለማያገኝ ኦክስጅኑ ይሟጠጣል፤ ሆኖም ይህ የቆመ ውኃ ችግር እንጂ በጎርፍ የሚጋልብ ወንዝ ችግር አይደለም። በሰኔው የመጀመሪያ ጎርፍ ይበልጥ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በበጋ ሲጠራቀም የቆየው ፍግ፣ ገለባና የመጸዳጃ ፍሳሽ በአንድ ጊዜ ታጥቦ መውረዱና ኦክስጅኑን መብላቱ ነው። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ሲረጭ የቆየው መድኃኒት ነው፤ ከእነዚህ መካከል እንደ ሳይፐርሜትሪንና ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያሉት ለሰው ያን ያህል ሳይከፉ ለዓሣ ግን በእጅጉ መርዛማ ናቸው፤ ከአፈር ጋር ተጣብቀው ስለሚቆዩም ከደለሉ ጋር ይወርዳሉ። ክፋቱ ደግሞ ጎርፉ የሚወርደው ዓሣው ለመውጣት ወንዙ አፍ ላይ መሰብሰብ በሚጀምርበት ወቅት መሆኑ ነው። አራተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ጥያቄዎ ውስጥ አልገባም፣ ሳይታወቅ የቀረ ግን አይመስለኝም። የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ወንዝ ውስጥ በትኖ ዓሣ ማደንዘዝ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። ፍሬው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ዓሣው በውኃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ ለመልቀም ከታሰበው ዓሣ ይልቅ የማይለቀመው ጫጩት ይበዛል።

ይህን ሁሉ ለመለየት ለምርመራ የሚላክ ናሙና ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ለፀረ ተባይ ምርመራ የሚወሰድ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ አይያዝም፤ መድኃኒቱ ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ላቦራቶሪው «የለም» ብሎ ሊመልስላችሁ ይችላል። ንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ፣ ክዳኑ ሥር በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ፣ እስከ አፉ የተሞላ፣ ከብርሃን የተከለለና በበረዶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ዓሣውም ሞቶ ካደረ አይረባም፤ ገና እያጣጣረ ያለ ወይም ስንጥቡ ቀይ የሆነ ሦስት አራት ዓሣ በፎይል ጠቅልሎ በረዶ ውስጥ ማኖር ነው። ከሞቱበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ዓሣ ካልሞተበት ቦታም ሁለተኛ ናሙና ይወሰድ፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ናሙና ክስ ላይ አይቆምም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ሆነ የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሥራ ላይ የሚውሉት ማስረጃ ሲኖር ነው።

እንግዲህ ስለ ግዥው። ገንዘባችሁ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሙቀትንም አብሮ የሚያነብ የኦክስጅን መለኪያ ግዙ። አሥር ነገር በአንድ ጊዜ ይለካል የሚባለውን አልመክርም፤ መለዋወጫውና መሞከሪያ ፈሳሹ ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ይቆማል። ከዚያ የተረፈ ገንዘብ ካለ የውኃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም የሚለካው ትንሽ መሣሪያ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ጨው ያዘለ ፍሳሽ ሲገባ ንባቡ ስለሚጨምር የፍሳሽ መግቢያ ቦታን ለመፈለግ ከእርሱ የሚሻል የለም። ድፍርስነትን ለመለካት ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ታቹ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት የተደረገበት፣ ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ውኃ እየጨመሩ ከፍታውን ማንበብ በቂ ነው። የኦክስጅን መለኪያውን ስትረከቡ ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚመጡት ለባሕር ጠለል ተስተካክለው ስለሆነ የቦታችሁን ከፍታ ወይም የአየር ግፊት ማስገባት አለባችሁ። አየር በደንብ በተቀላቀለበት 20 ዲግሪ በሆነ ንጹሕ ውኃ ውስጥ 9 ካነበበላችሁ መሣሪያው ጣና ዳር መሆኑን ገና አላወቀም ማለት ነው።

ልኬቱን ሦስት ቦታ ላይ ብቻ አድርጉት፤ ወንዙ አፍ ላይ፣ ከሽንኩርቱና ከሩዙ ማሳ በላይ ባለው ወራጅ ላይ፣ እንዲሁም ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥልበት አንድ ገባር ኮረት ላይ። ሦስተኛው ሩቅ ነው፤ ከላይ ካሉት ገበሬዎች መካከል አንድ ሰው አሠልጥናችሁ ብታስለኩት ከምትመላለሱ ይሻላል፤ ሌላም ጥቅም አለው፣ ወዳጅነት ያመጣል።

ከልኬቱ በኋላ በእጃችሁ ያለው ሥራ ከምታስቡት ይበልጣል። የመድኃኒት መርጫ ወንዝ ውስጥ ማጠብን ማስቆም ከሁሉ ይቀላል፣ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፤ አንድ መርጫ ታጥቦ የሚደፋው እጣቢ በበጋ ቀጭን ወራጅ ውስጥ ያለውን ጫጩት ለመፍጀት ይበቃል። እጣቢው ማሳው ላይ ተመልሶ ይረጭ፤ ከወንዙ ራቅ ያለ ውኃ መቅጃ ቦታም ይዘጋጅ። ለዚህ ሥራ ከባለሥልጣን ይልቅ የመስኖ ውኃ ተራ የሚያወጡት የውኃ አባቶች ይሰማሉ። ከእነሱ ጋር ከተቀመጣችሁ ሌላም ነገር አንሡ፤ ከጥር እስከ ግንቦት በወንዙ ዳር የሚደረደሩት ሞተሮች ውኃውን ሲስቡ ወራጁ ተቆራርጦ ኩሬ ይሆናል፣ ወደ ሐይቁ ያልወረደው ጫጩትም እዚያው ተይዞ ይቀራል። ሞተሮቹ ይቁሙ ማለት አይቻልም፤ ተራ ሲወጣ ግን የሌሊቱ ውኃ ለወንዙ እንዲተው መጠየቅ ይቻላል፣ ምክንያቱም ኦክስጅኑ የሚያንሰው ያን ጊዜ ነው። አሸዋና ኮረት የሚያወጡት ወጣቶችም ቢያንስ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከፈጣኑ ኮረታማ ቦታ ይራቁ፤ አንድ ካሚዮን የሚጭነው ኮረት የአንድ ገባር ሙሉ መራቢያ ሊሆን ይችላል፣ ከእርሱ በታች ያለውንም ድፍርሱ ያለብሰዋል። ወንዙ አፍ ላይ ያለውን ደንገል ደግሞ በባሕር ሸሽ እርሻ (ሐይቁ ሲሸሽ በሚታረሰው መሬት) ስም አትልቀቁት፤ ደለሉንና ማዳበሪያውን የሚያስቀረው የመጨረሻው ወንፊት እርሱ ነው።

ማኅበራችሁን እንደማላስቀይም ተስፋ አድርጌ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገው የናሙና ጥናት የጣና ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ሲገኝ፣ አጥኚዎቹ በዋናነት ያያያዙት ከውኃው ብክለት ጋር ሳይሆን በመራቢያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ከሚዘረጋው መረብ ጋር ነበር። በሰኔና በሐምሌ የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ማኅበር ስለ ገበሬው መርጫ ሲናገር የሚሰማው አያገኝም።

ለዓባይ ወዳጆቻችሁ ጉዳዩ ይለያል። እዚያ ዋናው ነገር የከተማው ፍሳሽና የውኃው መጠን ግንኙነት ነው። ጨረጨራ ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ያለው ባለ በር የውኃ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራ፣ የሐይቁን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ የሚወስደው የጣና በለስ ዋሻም እ.ኤ.አ. በ2010 በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ለመውሰድ ታቅዶ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በባሕር ዳር በኩል የሚወርደው ውኃ በሰው እጅ የሚወሰን ሆኗል። የሚገባው ፍሳሽ ሳይቀንስ ወራጁ በግማሽ ቢቀንስ የብክለቱ ክምችት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የልኬታቸው ክፉ ወቅት እንደ እናንተ ሰኔ ሳይሆን የበጋው ማብቂያ ነው። ከመውጫው ላይ አንድ፣ ከከተማው በታች ሁለት ቦታ መርጠው በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መለኪያው ንጋትና ማታ ቢያነብቡ የትኛው ቦይ በየትኛው ሰዓት እንደሚደፋ በጥቂት ሳምንት ይገለጥላቸዋል። በሮቹ በድንገት ሲዘጉ በድንጋዮቹ መካከል የሚቀረውን ዓሣ ጉዳይም ለሚመለከታቸው ያቅርቡ፤ ቀስ በቀስ መዝጋት ወጪ የለውም። ከመውጫው እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ወንዝ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ፏፏቴውን ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ስለሌለ ነው፤ እዚያ ያለቀውን የሚተካው ከሐይቁ የሚወርደው ብቻ ነው።

መሣሪያው እስኪመጣ አትጠብቁ። የመስታወት ጠርሙሶቹን ከግንቦት ማብቂያ በፊት አጥባችሁ፣ በፎይል ሸፍናችሁ፣ ቀንና ቦታ የሚጻፍበት ወረቀት ለጥፋችሁ በአንድ አባል ቤት አስቀምጡ፤ በረዶ የሚገኝበትንም የቅርብ ቤት ከወዲሁ ተነጋግራችሁ ያዙ። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ጠርሙስ ለመፈለግ ጊዜ አይሰጥም።